ፋኑ ለምን አይቆምም?

አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ከአንዋር መስጊድ ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። በመኪና ግን እንደ ቀኑ ነው። አይሱዙው ዕቃ ሲያራግፍ አንዱን ረድፍ ይዘጋል፣ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሲጭን ሌላውን ይይዛል፣ ቦንዳ የተሸከሙ ወዛደሮች በመኪኖቹ መሀል ይሹለከለካሉ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሲደርስ፣ ወር በገባ በ1 ቀን ደግሞ ራጉኤል ሲታሰብ፣ መኪና ከሚሄድበት የሚቆምበት ጊዜ ይበልጣል። መኪናው ይቁም እንጂ ሞተሩ ሥራውን አላቆመም። ከሚቃጠለው ቤንዚን ጉልበት ሲሶው ገደማ በውሃው በኩል ወደ ራዲያተር ሄዶ እዚያ ለአየር መሰጠት ያለበት ሙቀት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ይህን ሙቀት የሚወስደው ከፊት የሚመጣው ነፋስ ነው። ራጉኤል ላይ እንዲህ ያለ ነፋስ የለም፤ ሥራው ሁሉ በራዲያተሩ ፋን ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ባለ መንገድ ፋኑ ቶሎ ቶሎ ቢነሳ፣ ዞሮ ዞሮ ቢያርፍ፣ እንደገና ቢነሳ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው ጭራሽ የማያርፈው ነው። ጠዋት ሞተሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳለ ቁልፉ ገና ሲዞር የሚጀምር፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ፣ አንዳንዴም ቁልፉ ተነቅሎ ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ እንኳ የማይተኛ ፋን። በአዲስ አበባ መንገድ እንደ አሸዋ የበዛው ቪትዝ ብዙውን ጊዜ የሙቀት ጌጅ እንኳ የለውም፤ ያለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚበራ ሰማያዊ መብራትና ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚበራ ቀይ መብራት ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ስላለው ነገር ለባለቤቱ የሚናገርለት የፋኑ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ድምፅ ሲበዛ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ዝም እንዲል ነው። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሽቦ ይቆረጣል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠምና ፋኑ ከዚያ በኋላ በሹፌሩ ትውስታ ይሠራል። ሹፌር ደግሞ ይረሳል። በራጉኤል መጨናነቅ መሀል ስልክ እያነጋገረ፣ ተሻጋሪ እየጠበቀ፣ ትራፊክ እየፈራ የሚነዳ ሰው የሞተሩን ውሃ ሙቀት በልቡ እንዲከታተል መጠበቅ አይገባም። የኔ አቋም ቀላል ነው፤ ፋን በራሱ ፈቃድ አይዞርም። ከኋላው «ዙር» የሚለው አንድ ነገር አለ። ምርመራ ማለት ያንን አዛዥ ፈልጎ ማግኘት ነው፣ አዛዡ ሳይታወቅም ፋኑን ማስቆም ሞተሩን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በመጀመሪያ መኪናው የትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ አይሱዙ የመሳሰሉት ሞተራቸው በቁመት የተቀመጠ መኪኖች ፋናቸው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ መዞሩ ተፈጥሮው ነው፣ የሚጨምረውና የሚቀንሰው መሀሉ ላይ ባለው ክላች ነው። የኤሌክትሪክ ፋን የተስፋፋው ሞተሩ በአግድም ሲተኛና የፊት ጎማ ሲነዳ ነው፤ ያኔ ሞተሩ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፣ ራዲያተሩ ግን ወደ ፊት ማየቱን ቀጠለ፣ ቺንጋውም ሊደርስ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ፊያት 128 በዚህ መንገድ ከተጓዙት ቀደምት የብዙኃን መኪኖች አንዱ ነው። ኮሮላም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደዚሁ አቀማመጥ ተሻገረ። ዛሬ ከተማው ውስጥ የምናየው አብዛኛው ኮሮላ፣ እንዲሁም ቪትዝ፣ ያሪስና ዲዛየር ሁሉ ከዚህኛው ወገን ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ እነሱ ነው።

በእነዚህ መኪኖች ፋኑ ብርቱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የአንድ ትንሽ ቶዮታ ፋን ከ6 እስከ 8 አምፔር ገደማ ይጠጣል፣ ትልልቆቹ ከዚያ በላይ። ይህን ጉልበት በቀጭን ሴንሰር ውስጥ ማሳለፍ ስለማይቻል በመሀል ሪሌ ይገባል። ሴንሰሩ ወይም ኮምፒውተሩ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሪሌውን ያዛል፣ ሪሌው በትልቁ ኤሌክትሪክ ፋኑን ያስነሳል። ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚያውቀው፣ የሚያስተላልፈው፣ የሚሠራው። ፋኑ አልቆም ካለ የሚሠራው አካል ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ የተበላሸ የፋን ሞተር ይቆማል እንጂ አብዝቶ አይሠራም። ፋኑን ራሱን ለመቀየር ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። መሐንዲሶች ሴንሰሩና ሽቦው አንድ ቀን እንደሚበላሹ ያውቃሉ፣ ሲበላሹ ፋኑ ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ አስቀድመው መወሰን አለባቸው። የብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች የፋን ሴንሰር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፍት ነው፤ ሲሞቅ ይዘጋና ፋኑ ይነሳል። የሴንሰሩ ሶኬት ቢነቀል ፋኑ ዝም ይላል። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎችና ዘመዶቻቸው ግን ተቃራኒውን መረጡ። የእነሱ ሴንሰር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዝግ ነው፤ በዝግነቱ ሪሌውን ይዞ ፋኑን ያሳርፋል። ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሴንሰሩ ይከፈታል፣ ሪሌው ይለቀቃል፣ ፋኑ ይዞራል። 83 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ እንደገና ይዘጋል፣ ፋኑም ያርፋል።

ይህ አሠራር የሚለው ነገር አለ፤ ሽቦ ቢበጠስ፣ ሶኬት ቢላቀቅ፣ ሴንሰሩ ቢሞት፣ የሪሌው ጠመዝማዛ ሽቦ ቢቃጠል፣ ውጤቱ ሁሌም የሚዞር ፋን ነው። መኪናው መረጃ ሲያጣ የከፋውን ይገምታል፣ ሞቆ እንደሆነ ቆጥሮ ራሱን ያቀዘቅዛል። ባለቤቱ ብልሽት ነው ብሎ የሚያማርርበት ድምፅ ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ሞተሩ እንዳይቃጠል ያሰበለት ነው። ይህን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ምርመራው አጭር ይሆናል። የማያውቀው ግን ሶኬቱን ነቅሎ ፋኑ ባለመቆሙ «ሴንሰሩ ደህና ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ የቶዮታውን ሶኬት መንቀል ራሱ ፋኑን እንደሚያስነሳው አልተነገረውምና።

ትክክለኛው ሙከራ ይህ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቁልፉን ማብራት። ፋኑ ከተነሳ የፋን ሴንሰሩን ሶኬት መንቀልና ከሽቦው በኩል ያለውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት፣ ማሳ መስጠት ማለት ነው። ፋኑ ከቆመ ሽቦውም ሪሌውም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ እሱን ገዝቶ መቀየር ነው። ማሳ ተሰጥቶም ካልቆመ ሴንሰሩን ተዉት፤ ችግሩ ከእሱ በላይ ነው፤ ወይ መንገድ ላይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ሪሌው ሞቷል፣ ወይ ሪሌው የዚያ መኪና አይደለም። ሙከራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚጠይቀውም አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው። እጅ፣ ነጠላ፣ የአንገት ልብስ ግን ከፋኑ ይራቅ፤ ቁልፍ በርቶ ሳለ ፋን ሳያስጠነቅቅ ይነሳል።

ከሪሌው ጋር ትንሽ መቆየት አለብን፣ ምክንያቱም መርካቶ ውስጥ የሚፈጠረው አብዛኛው ችግር እዚህ ነው። ሰው የተበላሸውን ሪሌ ይዞ ሶማሌ ተራ ይሄዳል።

«ወንድሜ፣ እንደዚህ ያለ አለህ?»

«የምን መኪና ነው?»

«የኮሮላ።»

ሻጩ መልኩ አንድ የሆነ ጥቁር ኩብ አውጥቶ ይሰጠዋል። እግሩ ይገጥማል፣ ዋጋው ይስማማል፣ ይገዛል። ግን ሁለት ሪሌዎች በውጭ መንታ ሆነው በውስጥ ተቃራኒ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ለፋኑ መንገድ ይሰጣል፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይከለክላል። በየሱቁ የሚሸጠውን ባለ አምስት እግር ሪሌ እንውሰድ። ሥሩ ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 85 እና 86 የጠመዝማዛው ሁለት ጫፎች ናቸው፣ ትእዛዙ የሚመጣባቸው። 30 ላይ ትልቁ ኤሌክትሪክ ይገባል። ሪሌው ባረፈበት ሰዓት 30 የሚነካው መሀል ላይ ያለውን 87ኤ ነው፤ ሲታዘዝ ግን መላሱ ይዘልና 87ን ይነካል። አሁን የድሮው ኮሮላ ፋን በ87ኤ መሄድ ሲገባው በ87 ቢታሰር ምን ይሆናል? ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሴንሰሩ ሪሌውን ይይዛል፣ ፋኑ ይዞራል። ሞተሩ ሲሞቅ ሴንሰሩ ይለቃል፣ ፋኑ ይቆማል። ጠዋት ሙሉ የሚያጓራ፣ ልክ ራጉኤል መጨናነቅ ውስጥ ሲገባ ዝም የሚል ፋን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚብስ ስህተት አላውቅም፤ ባለቤቱ ዝምታውን ሲሰማ «ተስተካከለ» ብሎ ደስ ይለዋል። መለያው ቀላል ነው። በሪሌው ጎን ላይ ትንሽ ሥዕል ታትሟል፤ ጠመዝማዛው፣ መላሱና እግሮቹ ተስለው ይታያሉ። መላሱ በዕረፍት ጊዜ እግሩን ነክቶ ከተሳለ ዝግ ዓይነት ነው፣ ተለይቶ ከተሳለ ክፍት ዓይነት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይዞ ሥዕሎቹን ማስተያየት ነው። ሥዕሉ ከጠፋ በቴስተር ኦም ላይ አድርጎ ሁለቱን ዋና እግሮች መንካት፤ ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ዜሮ አካባቢ ካነበበ ዝግ ነው። ጨዋ ነጋዴ ቴስተሩን አውጥቶ እዚያው ያሳያል፤ የማያሳይ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም። በዚሁ ምክንያት ከጡሩምባው ሪሌ ጋር ቀያይሮ መሞከር፣ በሌላ መኪና ደህና ዘዴ ቢሆንም፣ በእነዚህ ኮሮላዎች ላይ ያሳስታል።

ሪሌ ሌላም ሕመም አለው። ውስጡ ያለው መላስ በብርቱ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀልጦ ይጣበቃል። ያኔ ማንም ቢያዝ ባያዝ ኤሌክትሪኩ ያልፋል። ይህን ለማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ሪሌውን ነቅሎ ማየት ነው። ሲነቀል ፋኑ ከቆመ ኤሌክትሪኩ በሪሌው በኩል ነው የሚሄደው፤ ሪሌው ተጣብቋል፣ ወይም ትእዛዝ ላይ ነው። ሪሌው ተነቅሎ በእጅ ተይዞ ፋኑ አሁንም የሚዞር ከሆነ፣ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ሌላ ሽቦ ጎትቶለታል። በአዲስ አበባ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አዳዲሶቹ መኪኖች፣ ማለትም ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና መሰሎቻቸው፣ የተለየ የፋን ሴንሰር የላቸውም። አንድ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁንም ፋኑንም በዚያው መረጃ ያስተዳድራል። ሴንሰሩ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ የሚቀንስ ነው፤ በቶዮታዎቹ ላይ በ20 ዲግሪ ከ2,300 እስከ 2,600 ኦም አካባቢ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ310 እስከ 330 ኦም አካባቢ ያሳያል። ቴስተር ላለው ሰው ይህ በቂ ሚዛን ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 300 ኦም ካነበበ ሴንሰሩ ይዋሻል።

ስካነር ካለ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ከሽቦው መበጠስ የተነሣ መረጃ ሲቋረጥ ስካነሩ ላይ የሚታየው የውሃ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ በኅዳር ውርጭ እንኳ እዚያ አትደርስምና ይህን ቁጥር ያየ ሰው ሶኬቱንና ሽቦውን ይፈትሽ። ሽቦው ከብረት ጋር ተነካክቶ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ላይ ተሰቅሎ 140 ዲግሪ አካባቢ ይላል፤ ይህም ቢሆን ሐሰት ነው፣ እንደዚያ የሞቀ ሞተር ሥራ ላይ አይገኝም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ፒ0118፣ ሁለተኛው ፒ0117 በሚል ኮድ ይመዘገባል። በሁለቱም ጊዜ ሱዙኪን ጨምሮ በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ማመን ያቆምና ለጥንቃቄ ፋኑን ያበራል፤ የድሮው ኮሮላ በሽቦ የሠራውን ጥንቃቄ አዲሱ በፕሮግራም ሠራው። አንድ ጥሩ ሙከራ አለ፤ መኪናው አድሮ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን አብርቶ የውሃውን ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት በስካነሩ ማስተያየት። ሌሊቱን ያረፈ ሞተር ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ 14 ሌላው 60 ካለ የሚዋሸውን አገኛችሁ።

እስካሁን ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚዞር ፋን ነበር። ሌላው ዕድል ፋኑ እውነት እየተናገረ መሆኑ ነው። ሞተሩ በርግጥ ሞቋል፣ ፋኑም ባለው አቅም ያንን እየታገለ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ሳይለዩ ወደ ሽቦ መግባት አይገባም፣ እዚህ ላይ ደግሞ የከተማችን ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፤ የአየሩ ቀዝቃዛነት በከፊል ይክሰናል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የውሃው ነገር ነው። ተራ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ግፊት መያዝ ካቃተውና በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ውሃው 92 ላይ ይፈላል። ፋኑ የሚነሳው ደግሞ 93 ላይ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ ሁኔታ የሚሰጠው የጥቂት ዲግሪ ዕድል አዲስ አበባ ላይ የለም፤ ፋኑ ገና ሳይታዘዝ ውሃው እንፋሎት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ፋኑ ቢዞር ቢዞር በእንፋሎት የሚሞላ ራዲያተር አይቀዘቅዝለትም። በቀላሉ የሚቀየር ክዳን ስንት ቴስታታ እንዳስገለበጠ ጋራዥ የሚውል ሰው ያውቃል።

ስለዚህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ብቻ ፋኑ የማያርፍ ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ውሃውን ማየት ነው። ክዳንን በሙቅ ሞተር ላይ መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ባንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ በኛ ከፍታ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይብሳል። ውሃ ጎድሎ ከተገኘ የት እንደሄደ ይፈለግ። ሞልቶ ከተገኘና ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ እየፈጀ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ውሃው እየዞረ አይደለም፤ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይም ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ተደፍኗል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ውሃ የግድብ ውሃ ነው፣ ከአቃቂ የሚመጣው የጉድጓድ ስለሆነ ማዕድኑ ይበዛል፤ ሁለቱም ግን ለሞተር አልተዘጋጁም፣ ለዓመታት ሲሞሉ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ቅርፊት ይሠራሉ። ከውጭም ከኤሲው ራዲያተርና ከውሃው ራዲያተር መካከል አቧራና ጭቃ ይጠቀጠቃል፤ ከፊት ለፊት ንጹሕ የሚመስለው ራዲያተር ሲነጠል በጭቃ ተለስኖ ይገኛል።

ከዚህ ውጭ ሁለት ነገር በአጭሩ። ኤሲ ሲበራ ፋኑ መዞሩ ትክክል ነው፤ በአንዳንድ ቶዮታዎች የኤሲው የግፊት መቆጣጠሪያ ከፋኑ ትእዛዝ መስመር ጋር ስለሚገናኝ፣ ኤሲው ተበላሽቶ ኮምፕረሰሩ ሲወጣ የመቆጣጠሪያው ሶኬት ሜዳ ላይ የቀረ እንደሆነ ፋኑ ሊቆም አይችልም። ሁለተኛው ላቫጆ ነው። በግፊት ውሃ ሞተሩ ከታጠበ ማግስት ፋኑ ማረፍ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው የሴንሰሩ ሶኬት ነው፤ ነቅሎ፣ አድርቆ፣ አረንጓዴ ዝገቱን ጠርጎ መመለስ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይዘጋዋል።

አሁን ወደዚያ ወደ ተጎተተው ሽቦ፣ «ዳይሬክት» ወደሚባለው፣ እንመለስ። ፋኑ ያልተነሳበትና መኪናው የሞቀበት ሰው ኤሌክትሪሻኑ ጋ ሲደርስ ትክክለኛው ሴንሰር በሰዓቱ አይገኝም፣ ደንበኛው ይቸኩላል፣ ኤሌክትሪሻኑም ሞተሩ እንዳይቃጠል ፈርቶ ከቁልፉ መስመር ሽቦ ስቦ ፋኑን በቀጥታ ያስረዋል። ለዚያች ቀን፣ መኪናውን ከራጉኤል ቤት ለማድረስ፣ ይህ ሞተር አድኗል፤ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ያ ጊዜያዊ ሽቦ ለዓመታት መቆየቱን ነው። ፋኑ በቀን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ካርቦኑ ያልቃል፣ የሚያልቀውም ሹፌሩ በማይጠብቅበት ቀን ነው። ፊዩዝ ሳይገባለት በቀጭን ሽቦ የተሠራ ዳይሬክት ከሆነ ሽቦው ይግላል፣ መሸፈኛው ይቀልጣል። በዚያ ላይ «እኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ቴርሞስታቱ የወጣበት መኪና ከሆነ ነገሩ ይደራረባል። ቴርሞስታት ያለው ሞተር ፋኑ ሁልጊዜ ቢዞርም ውሃውን 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አጥሮ ይይዝለታል። ቴርሞስታት የሌለው፣ ፋኑም የማያርፍለት ሞተር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አጭር መንገድ ሲነዳ ፈጽሞ ሳይሞቅ ውሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ያበዛል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ በዘይቱ ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ይታያል። ባለቤቱም «የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል» ተብሎ ሞተሩን ሊያስከፍት ይችላል፤ መነሻው ግን የተጣለ ቴርሞስታትና አንድ ሽቦ ነው።

ቁልፉ ተነቅሎም የሚዞር ፋን ሌሊቱን ባትሪ ይጨርሳል። 35 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ቪትዝ 7 አምፔር ቢያጣ በስሌት አምስት ሰዓት ነው፤ ማስነሳት ከማይችልበት ደረጃ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ፋናቸው ቢዞር የተሠሩበት ነው፣ ያረፈበትን ሰዓት ብቻ ይመልከቱ። አሁን ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቻርጅ ላይ ሳሉ ፋናቸው ቢነሳ ባትሪያቸውን እያቀዘቀዙ ነው፣ መካኒክ አያስጠራም። የቶዮታ ፋን ግን በብዙዎቹ ሞዴሎች ከቁልፉ ጋር አብሮ ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ የባትሪውን ጫፍ ፈትቶ አድሮ፣ ጠዋት የተጣበቀውን ሪሌ ወይም የተጎተተውን ሽቦ መፈለግ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው፣ ከእጅ ወደ እጅም ይዞራሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ኤሌክትሪሻኑ ቆራጩን ከማንሳቱ በፊት ሪሌውን ነቅሎ፣ ሴንሰሩን ማሳ ሰጥቶ ያሳያችሁ፤ ካላሳየ ሌላ ጋ ሂዱ። መኪናችሁ ፋኑ ዳይሬክት ከሆነ ወይም ቴርሞስታቱ ከወጣ ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ከኮፈኑ ሥር ለጥፉት፣ ስትሸጡም ለገዢው ንገሩት።